የእትዬ ዝናሽ እጆች

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ የሻው፣

እንደምን ከርመሃል? ያለህበት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ፤ እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

እናታችን በራችን በሌሊት ከተሰበረበት ካለፈው ሰኔ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይነሳል። ወለቃ መንደር ሸክላ የሚሠሩት እትዬ ዝናሽ ግን መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋሉ። አያሹም፣ አይጫኑም። «እርጥብ ሸክላ ላይ የቸኮለ ያጣምመዋል» አሉኝ። እናታችን በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲህ ያለ ሸጋ እጅ አይቼ አላውቅም።

እኔንም አስተማሩኝ። መዳፌን ሳሳርፍ «ምነው ልጄ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው?» አሉኝ። ብርዱ ነው አልኳቸው።

ስትመጣ በሩን አታንኳኳ። ከደጅ ሆነህ «ቤቶች» በለን፤ ድምፅህን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

በደህና ደጃችን ያድርስህ።

እህትህ ፀደይ