ከወፎች የሚመጣውን በሽታ ሲከታተሉ የኖሩት አቶ ማለደ ፈረደ

አቶ ማለደ ፈረደ ከአባታቸው ከአባ ፈረደ ባየህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮኮብ ሙላት በ1966 እ.ኤ.አ. ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ብረት ሠሪ ነበሩ። ልጃቸው ግን ዳባት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ከብት ከሚከትቡ ሐኪሞች ጋር በረዳትነት ሠሩ።

በ1991 ወደ እስራኤል መጥተው ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ኖሩ። በ1994 ወይዘሮ ባይነሽን አግብተው ሊኦራንና ሃሬልን አፈሩ። ነሸር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲሚንቶ ከጫኑ በኋላ፣ በ2003 የእንስሳት በሽታ በሚመረምር ማዕባዳ (ቤተ ሙከራ) ተቀጠሩ። የሞቱ ወፎችን ይለቅሙ፣ የሌሊት ወፎችን በመረብ ይዘው ከአፋቸው በጥጥ ናሙና ይወስዱ ነበር፤ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገር ቫይረስ ከተነሣ ቀድሞ እንዲታወቅ ነው።

አቶ ማለደ ፈሪ ነበሩ፤ እኛ ዘመዶቻቸው ይህን ብንደብቅ እሳቸውም አይወዱልንም። የሚፈሩት ለራሳቸው ሳይሆን ለቤታቸው ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ምድር ቤት ባለው መጋዘን ልብሳቸውን ቀይረው፣ ታጥበው፣ እስኪመሽ ማንንም አይስሙም ነበር። ልጆቹ እየሮጡ ሲመጡ እሳቸው ይሸሹ ነበር። በአገራችን የቤተ እስራኤል ሴቶች የወር አበባቸው እስኪያልፍ ከቤት ወጥተው የመርገም ጎጆ ይቀመጡ ስለነበር፣ «ድሮ እናንተ ትወጡ ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ነው» እያሉ ባይነሽን ያስቁ ነበር። ጎረቤትም ይስቅ ነበር። የኮሮና ዓመት ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ።

በጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ክርያት ቢያሊክ አጠገብ የሞቱ ወፎች ሲሰበስቡ የአንዷ ምንቃር ጓንታቸውን ቀደደው። ወዲያው ለአለቃቸው ለዶክተር ጊልአድ ደውለው አሳወቁ፤ ቤት ሳይገቡም መጋዘኑ ውስጥ አልጋ ዘረጉ። ወይዘሮ ባይነሽ ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራቸው፤ ሆስፒታልም ለብቻቸው ተኙ።

የመጀመሪያው ምርመራ የወፍ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን ስላልለየ ሁለተኛ ናሙና ተላከ። ያን ሁለት ቀን ቤተሰቡ እንዴት እንዳሳለፈው ፈጣሪ ያውቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። ነርሷ መከላከያ ልብስ አልብሳ ባይነሽን ልታስገባቸው ብትፈቅድም፣ አቶ ማለደ በመስታወቱ በኩል እጃቸውን አወናጭፈው ከለከሉ። በስልክም «ውጤቱ ሳይመጣ እንዳትነኪኝ፤ ልጆቹ እናት ያስፈልጋቸዋል» አሏቸው። ባይነሽ ቃላቸውን አከበሩ።

አቶ ማለደ በጃንዋሪ 14 ቀን ማለዳ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ውጤቱ የመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። የወፍ ቫይረስ አልተገኘባቸውም፤ ልባቸው ያልቻለው ተራ የሳንባ ምች ነበር። ያን ጊዜ ባይነሽ ያለ ጓንት ገብተው እጃቸውን ያዙ፤ እጁ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

አቶ ማለደ የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት ልጅ፣ የሃዳሳ፣ አያት ነበሩ። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ።

ከትናንት ጀምሮ አንዳንዶቻችሁ ለቅሶ ልትደርሱ መጥታችሁ በር ላይ ስትቆሙ አይተናል። አንቀየምም፤ እኛም ፈርተን ነበር። አሁን ግን ውጤቱን ሰምታችኋል፤ ግቡና ባይነሽን እቀፏቸው።