«አባቷ በአካል ይቅረቡ» ለተባለችው ልጅ

ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሥዩም
የወርቃማ እርከን አካዳሚ ርእሰ መምህር
መካነ ኢየሱስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ፣ ጭቃውስ፣ ብርዱስ እንዴት አድርጎዎታል? እኔ ስሜና ፊርማዬ ከታች የሚገኘው የአንዲት ልጅ እናት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የልጄ አባትም ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በቀር ማንም የሚፈልገው ሳይኖር በሰላም ዐርፎ ይገኛል።

የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ከብዕር ይልቅ ከስፌት መኪና ጋር ይስማማል። ይህን ደብዳቤ ቀስ እያልሁ ስጽፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እንዲያም ሆኖ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ የእርስዎ ቢሮ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማይቀበል አይቻለሁና። ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁትም ሌሎች ወላጆች ለልጆቻቸው የግል ትምህርት ቤት ሲመርጡ ይጠቅማቸው እንደሆነ ብዬ ነው።

1ኛ. ጎረቤቶቼ ትምህርት ቤት ሲመርጡ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ ፎቁ ይጠይቃሉ። እኔ ግን የእርስዎን ቤት የመረጥሁት በአንድ ምክንያት ነው። በአንደኛ ክፍላችሁ ውስጥ ያሉትን ሃያ አራት ዴስኮች የሠራቸው ባለቤቴ ጌታነህ ነው። «ልጄ ሕሊና ከእነዚህ ባንዱ ላይ ካልተቀመጠች ድካሜን አልቆጥረውም» ይል ነበር። ባለፈው ጥር ከዚህ ዓለም ተለየ። እኔም መንፈቁን ባወጣን በሳምንቱ፣ ቃሉን ልፈጽም ብዬ፣ ልጄን ይዤ ከደጅዎ ደረስሁ። ዘበኛዎ «ዛሬ ለማስታወቂያ ቪዲዮ እየተቀረጸ ነው፤ ጥቁር የለበሰ በጓሮ በር ይግባ» ብሎ መንገዱን በትሕትና ስላሳየኝ አመሰግናለሁ። የጓሮውንም በር የሠራው ባለቤቴ ነበርና በዘመድ ቤት እንደገባሁ ቆጥሬዋለሁ።

2ኛ. ልጄን ለፈተና የጠሯት መምህር ትጉህ ሰው ናቸው። የእንስሳቱን ስም በእንግሊዝኛ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ በአማርኛ «አባትሽ ምን ይሠራል?» አሏት። እሷም የነፍስ አባታችን ሲያጽናኗት የነገሯትን ይዛ «አናጢ ነበር፤ አሁን እግዜር ዘንድ ሄዶ ቤት ይሠራል» አለቻቸው። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ከቅጹ ላይ «አባት፦ በውጭ አገር፣ በግንባታ ሥራ የተሰማሩ» ብለው ጻፉ። ሰማይ ከእስቴ ወረዳ ውጭ መሆኑን የምክድ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ባለቤቴ በሕይወቱ ከደብረ ታቦር ያለፈ ሰው ስላልነበረ፣ ስለ ሰጣችሁት እድገት በስሙ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ጸሐፊዎ እመቤት ቅጹን አየችና ደንቡን አስረዳችኝ። «እትዬ፣ እናትም አባትም በአካል ቀርበው ነው የሚፈርሙት። ለዕረፍት መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። «የኔ እናት፣ እሱ የሚመጣ አይደለም፤ እኛ ነን ወደሱ የምንሄድ» አልኋት። «እንግዲያው ስትሄዱ ቅጹን አስፈርማችሁ አምጡልን» አለችኝ። ይህች ልጅ ተስፋ የማትቆርጥ ናትና ደመወዝ ሊጨመርላት ይገባል።

4ኛ. ነገሩን በግልጽ ብነግራት ማስረጃ ጠየቀችኝ። ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡና «አንዱ ሰነድ ሞቷል ይላል፤ አንዱ ሰነድ ውጭ አገር ነው ይላል። ኮሚቴ ሳያየው መወሰን ይከብደኛል» አሉ። ካህናቱ በአንድ ቀን ፈትተው የቀበሩትን ሰው ኮሚቴዎ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእንጥልጥል አቆየው። ስለነዚያ ሁለት ሳምንታት የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው። ከጥር ወዲህ ባሌ በሕይወት ይኑር አይኑር አልታወቀም ያላችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ውሳኔያችሁንም እንደ ሞኝ ስጠብቅ ሰንብቻለሁ።

5ኛ. የባለቤቴን ስልክ እስካሁን አላጠፋሁትም። ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም ነበር። ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ልብስ እየሰፋሁ ሳለ ጮኸ። ተነሥቼ ስሮጥ ወንበሩን ገለበጥሁት። ከፍቼ ባየው ከትምህርት ቤታችሁ የመጣ መልእክት ነው፤ «ውድ አቶ ጌታነህ፣ በልጅዎ ጉዳይ ላይ ባሳዩት ቸልተኝነት ማዘናችንን እንገልጻለን» ይላል። ለዚህኛው ተራ ቁጥር የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ይለፈኝ።

6ኛ. ኮሚቴው በመጨረሻ «አባቷ በአካል ይቅረቡ፤ እስከዚያ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ትቆይ» ብሎ ስለ ወሰነ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ባዩ «እኔ ለልጅቱ አባቷ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ከሲማዳ ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ ከፊትዎ ቆመ። እርስዎም በአክብሮት ከተቀበሉት በኋላ፣ ወኪል ለመሆን አባትየው በእጁ የፈረመው የውክልና ወረቀት እንደሚያስፈልግ አስረዱት። ባዩ «ጌታው፣ ወንድሜን ስንቀብረው እስክሪብቶ አላስያዝነውም» ቢልዎ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ «እሱ የቤተሰቡ ጉድለት ነው» አሉት። እውነት ነው፣ ጉድለቱ የእኛ ነው። ለወደፊቱ ሬሳ ስንገንዝ የእናንተን ቅጽ አብረን እንድናስብ ለእድራችን አሳስቤያለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልጄ ሕሊና ከተጠባባቂዎች ዝርዝር እንድትሰረዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ትናንት ከገበያው በታች ወዳለችው፣ አራት ክፍል ብቻ ወዳላት ሌላ የግል ትምህርት ቤት ወስጃታለሁ። ፎቅ የላትም፣ ሰርቪስ የላትም፤ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው መምህሯን አያሰማም። መምህርት መስከረም የምትባል ወጣት ልጄን ከፊቷ አስቀምጣ «ስምሽ ማን ነው?» አለቻት። «ሕሊና»። «የአባትሽስ?» «ጌታነህ። ግን ሞቷል።» መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ነፍሱን ይማርልሽ የኔ ቆንጆ። ስሙ ግን አይሞትም፤ ከስምሽ ቀጥሎ እንጽፈዋለን» አለቻት። ጻፈችው። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

በመንገድ ላይ እያለቀስሁ እንደነበር አልደብቅዎትም፤ የባለቤቴን ቃል ማፍረሴ ነውና። ልጄ ግን እጄን እየጎተተች «እማዬ፣ መምህሬ ስሙን በትልቁ ነው የጻፈችው፣ አይተሻል?» ትለኝ ነበር። እሱም ቢሆን ከዴስኩ ይልቅ ይህን ይመርጥ እንደነበር ቤት ስደርስ ገባኝ። እናንተም ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስንት ፎቅ እንዳለው ከመጠየቃችሁ በፊት ሐዘናችሁን ንገሯቸውና ምን እንደሚመልሱ አድምጡ። ከዚያ በኋላ ስለ እንግሊዝኛው ትጠይቃላችሁ።

ለዘለቄታው ጤናና ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ስብሰባ፣ ለቅጾችዎ ደረቅ መደርደሪያ፣ ለመጪው አዲስ ዓመት አባትና እናታቸው በአካል የሚቀርቡላቸው ብዙ ተማሪዎች እግዚአብሔር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ያስተማሩኝን ሁሉ ሳልረሳ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አልጣሽ ብርሃኔ
ልብስ ሰፊ፣ የሕሊና ጌታነህ እናት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤት መራጭ ወላጆች ሁሉ
ለአቶ ባዩ፣ ሲማዳ
ለአቶ ጌታነህ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ለልጄ አነበብሁላት። ሰማችኝና «እማዬ፣ እኒህ ሰውዬ ሰው ሞቶባቸው አያውቅም?» አለችኝ። እንዳለችው ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እግዚአብሔር እንደዚሁ ሳያሳውቅ ያቆይዎ።