ውሃ የሚረጨው የጥርስ ማጽጃ

የአክስቴ ልጅ፣

ጄኔሬተር አይደለም አልኩሽ፤ የጥርስ ማጽጃ ነው። ትናንት ማታም በግድግዳው በኩል «ዝጊው፣ ጆሮዬን በጠስሽው!» ብለሻል። የራስሽ የስፌት መኪና ሲንጫጫ አይሰማሽም።

ለማንኛውም ማጽጃውን ትቼልሻለሁ። ብሩሽሽ ላይ ደም አያለሁ፤ ድድሽ ደህና አይደለም። ለብ ያለ ውሃ ሙዪበትና ግፊቱን ከዝቅተኛው ጀምሪ። ውሃው የሚወጣበትን ጫፍ አፍሽ ውስጥ ሳታስገቢ እንዳታበሪው፤ እኔ የመጀመሪያ ቀን መስታወቱንም ፎጣሽንም አጥቤያለሁ። መታጠቢያ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለሽ፣ ከንፈርሽን ገርበብ አድርገሽ፣ የድዱን ጠርዝ ተከትለሽ ቀስ እያልሽ ሂጂ። የተረፈውን ውሃ ድፊው። ደሙ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ግትርነትሽን እዚያ አታሳዪ።

ጫፎቹ ይቀያየራሉ፤ ሰማያዊ ቀለበት ያለው ያንቺ ነው። ማሽኑን ከገዛሁ ጀምሮ ያስቀመጥኩልሽ ነው፤ አልጠየቅሽኝም እንጂ።

ደግሞ ይህንን እወቂው። እኔ ጥርሴን የማጸዳው ጠዋት ጠዋት ነው። ማታ ማታ ውሃውን ዝም ብዬ ገንዳው ውስጥ እረጨው ነበር። እሱ ካልጮኸ አታናግሪኝማ።

ዕቃዬን እህቴ ቤት አድርሻለሁ። እኔ ጋ የነበረው የቤታችን ቁልፍ ከማጽጃው አጠገብ ነው።

መኪናሽ አሁንም ይንጫጫል። ስፌትሽን እንዳላቋርጥሽ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋዋለሁ።