ስለ መንታዎቹ ልጆቼ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ተስፋሚካኤል፣ ማጂ።

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገልዎት? ብርድ ሲሆን የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጡ ያምዎት ነበር። መኪናውንስ አሁን ማን ነው ዘይት የሚቀባልዎት? ወንድሜ አያና ከሆነ ጨርቁ ሁሉ ዘይት በዘይት ሆኗል ማለት ነው። እማዬስ ሳሏ ተዋት? አያቴ እማማስ ዓይናቸው እንዴት ነው፤ አሁንም ዶሮዋን ድመት ናት እያሉ ያባርሯታል? ጉሙስ ዘንድሮ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? እዚህ አቃቂ ጉም የለም፤ ያለው አቧራ ነው። ጠዋት የታጠበ ነጠላ ማታ የሻይ ቀለም ይይዛል።

ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ግን ስሜን ናፍቆት ብላችሁ ስላወጣችሁልኝ፣ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ራሴን ከደህናዎቹ ማውጣቴ ነው። ስለዚህ በአጭሩ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ አልወለድኩም፣ አላረገዝኩም፣ ከማንም ወንድ ጋር የያዝኩት ነገር የለም። ገና ከሰላምታው ሳልወጣ ይህን መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ ሊያውቁት የሚፈልጉት እሱን መሆኑን ስለማውቅ፣ ሌላውን በሰላም እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው።

በስልክ የተበላሸውን በስልክ ላቃናው ብዙ ሞክሬያለሁ። ወይ አይጠራም፣ ወይ ሁለት ቃል አሰምቶ ሦስተኛውን ይውጠዋል። አንድ ቀን ተነሳ፤ እርስዎ ነበሩ። «አባባ» ብዬ ሳልጨርስ ተዘጋ። መስመሩ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን ከመዝጋትዎ በፊት ጉሮሮዎን ሲጠርጉ ሰምቼዎታለሁ።

ከገና በኋላ ጋሼ ታደሰ ከሚዛን ደወለ። እዚያ መስመሩ ጥሩ ስለሆነ ቃልዎን አንድ በአንድ አደረሰልኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መጥቶ እቃዬን አስጠቅልሎ እንዲወስደኝ፣ ትምህርቱም እዚሁ ላይ እንዲበቃ ማለትዎን ነገረኝ። እውነቱን ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የማመን ሳቅ አልነበረም። የእማዬ ወንድም ነው፣ ይወደኛልም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጨዋታ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ አባቴን እኔው እንዳሳምን፣ እሱ ግን የታዘዘውን እንደሚያደርግ ቁርጡን ነገረኝ። ስለዚህ ይኸው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ማመን ቢያቅትዎት እንኳ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ነው የምንለው፤ ግቢ ገባሁ፣ ግቢ አደርኩ ነው ወሬያችን ሁሉ። ታዲያ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ተማሪዎች አንድ ልማድ አለን። አዲሶቹ፣ ፍሬሽ የምንላቸው፣ በመጡ ሰሞን በግቢ ጉባኤ ተሰብስበን ዕጣ እናወጣለን። ለእያንዳንዱ ፍሬሽ ከነባሮቹ መካከል አንዲት እናትና አንድ አባት ይደርሱታል፤ የግቢ እናት፣ የግቢ አባት ይባላሉ። ስሙ ብቻ እንዳይመስልዎት፣ ሥራ አለው። እናት ማለት ልጁ ሲታመም ክሊኒክ የምትወስደው፣ ላይብረሪ ሳይሞላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቦታ የምትይዝለት፣ ፈተና ሲደርስ ከየት ጀምሮ እንደሚቸክል የምታሳየው ናት። መቸከል የምንለው እንቅልፍ አጥቶ ማጥናትን ነው። በዓል ሲሆን ደግሞ ከካፌ የሚሰጠንን ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን ቤተሰቡ አብሮ ይበላል። እናትየዋና አባትየው በዕጣ የተገናኙ ናቸው፤ ከልጆቹ ሌላ ወሬ የላቸውም። የእኔ ልጆች አባት ፀሐዩ የሚባል የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነው። እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ስሜን ተሳስቶ ናርዶስ እያለ ነበር የሚጠራኝ።

ለእኔ ቢራና ዳሲቱ የሚባሉ ልጆች ደረሱኝ። ከአምቦ የመጡ ወንድምና እህት ናቸው፤ እውነተኛ መንታ። ተለያይተው ስለማያውቁ አንለያይም ብለው ለመኑና ሁለቱም ለእኔ ተሰጡ። ዳሲቱ ጭንቅላቷ ምላጭ ነው፣ ምላሷም እንደዚያው። ቢራ ዝምተኛ ነው፤ ቁመቱ ከዶርም አልጋ ስለሚተርፍ እግሩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ይተኛል። እንግዲህ ማጂን ያመሱት መንታዎች እነዚህ ናቸው።

የዚያን ዕለት ስልክ የደወልኩት ከዶርማችን ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር፤ ኔትወርክ እዚያ ይሻላል። «እማዬ፣ ዘንድሮ እኔም የግቢ እናት ሆንኩ፤ መንታ ደረሰኝ» አልኳት። «የግቢ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ የት እንደወደቀች እንጃ። እማዬ አባታቸው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ስለ ግቢ ኑሮዬ መጠየቋ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፀሐዩ የሚባል የሜካኒካል ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ አምና እንኳ ከሌላ ልጅ ጋር ሦስት ልጆች ነበሩት አልኳት። ይሄኛው አንድ ፊደል ሳይጎድል ደረሰ። እማዬ ስትጮህ ሰማሁ፣ መስመሩም ተቋረጠ። እኔ ሞኟ እልል ያለች መስሎኝ እየሳቅኩ ወደ ዶርም ገባሁ፤ ለካ ኡኡታ ነው፤ ያወቅኩት ወለደች የሚለው የማጂ ወሬ ዞሮ እኔው ጋ ሲደርስ ነው።

ጋሼ ታደሰ የደወለ ዕለት እዚህ ምን ሆኖ እንደነበር ደግሞ ልንገርዎት። ጠዋት የሂሳብ ፈተና ውጤት ተለጥፎ ነበር። ቢራ ውጤቱን አይቶ ከሰው ጠፋ። ዳሲቱ እያለቀሰች መጥታ ስትነግረኝ ሄጄ ፈለግኩት። ሻንጣውን ቆልፎ ከግቢው በር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ወደ አቃቂ መሀል የሚወስደው ባጃጅ እየጠበቀ ነው፣ ከዚያ ወደ አምቦ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አምና የእኔ የግቢ እናት ዮዲ ያደረገችኝን አደረግኩ። አምና እኔም እንደሱ ሻንጣዬን ቆልፌ ነበር፤ እንዳይከፋችሁ ብዬ አልነገርኳችሁም እንጂ። ዮዲ አልተቆጣችኝም፣ ሻንጣዬንም አልቀማችኝም። መሄድ መብትሽ ነው፣ ግን ርቦሽ አትሄጂም፣ መጀመሪያ እንብላ አለችኝ። ላውንጅ ወስዳ እንቁላል ፍርፍር አበላችኝ። ስጨርስ ላይብረሪ ሊሞላ ነው ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ሻንጣው እንደተቆለፈ ከረመ፤ በኋላ የምቀይረው ልብስ ቢቸግረኝ ራሴው ከፈትኩት። ቢራንም እንደዚያው ላውንጅ ወሰድኩት። እሱ ግን ሁለት ሰሃን ነው የበላው።

ከዚያ ወደ ዶርም ስመለስ ነው የእርስዎ ትእዛዝ የደረሰኝ። አባባ፣ ያን ልጅ ቁጭ በል፣ ያልፋል ብዬ ገና አፌን ሳልዘጋ እኔ ተነሺ ተባልኩ። እኔ ብሄድ እሱ የሚቀር አይመስለኝም። ስለ እሱ ብቻም አይደለም። እኔም የምማረውን ወድጄዋለሁ። ምግብ እንዴት ሳይበላሽ እንደሚቆይና ርቆ እንደሚሄድ ነው የምንማረው፤ መምህሩ ባስተማሩ ቁጥር የማጂ ገበያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቅቤ ትዝ ይለኛል። ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት አልፈልግም።

ሰነባብቶ ደግሞ እሽግ መጣ። እማዬ ለእርስዎ ሳትነግር በጋሼ ታደሰ በኩል በአውቶቡስ የላከችው ነው። ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው፤ ስለዚህ የዶርሜ ልጅ ሐጀራ አቃቂ ወላጆቿ ቤት ወሰደችኝ። የስልጤ ሰዎች ናቸው፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ሱቅ አላቸው። እናቷ እትዬ ናዕማ ፈቱት። ቅቤ አለ፣ አብሽ አለ፣ ዱቄት አለ። ዱቄቱን ዘገን አድርገው አዩና ይሄማ የአራስ ገንፎ ነው፣ ማን ወልዶ ነው አሉ። ሐጀራ ከሳቋ የተነሳ መናገር አቅቷት በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ሴትየዋ ሆዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ታሪኩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ገንፎውን ግን በወጉ አገነፉት። ቢራንና ዳሲቱን ጠርተን ከነቅቤው ጠረጉት። ሐጀራ ልጆቹ የእናታቸውን የአራስ ገንፎ በሉባት እያለች እስካሁን ታወራብኛለች።

እሽጉ ግርጌ ላይ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ስፈታው ሁለት የሕፃን ሸሚዝ ነው። ነጭ አቡጀዴ፣ እጅጌው ከጣቴ ብዙም አይበልጥም። እማዬ ከገበያ ገዝታው ነው ብዬ ገልበጥ ሳደርገው ጠርዙን አየሁት። ልጁ ሲያድግ እንዲለቀቅ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ላላ ተደርጎ የተሰፋ ሰፊ እጥፋት አለው። የእኔ ዩኒፎርም ሁሉ እንደዚያ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ክሩን በጥርስዎ በጥሰው ይለቁልኝ ነበር። ማጂ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም።

እትዬ ናዕማም ሐጀራም ሳቃቸውን ተዉ፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር። አባባ፣ እኔን አላናግርም ብለው፣ ትምጣ ብለው ፈርደው ሳለ፣ መኪናዎ ላይ ተቀምጠው ለማያውቋቸው ልጆች ሸሚዝ ሰፉ። እጥፋትም ተዉላቸው። እማዬ ከእርስዎ ደብቃ ያሰረችውን እሽግ ፈትተው፣ ከሥር አስገብተው፣ መልሰው አሰሩት። ወሬው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ደጅ እንደማያሳድሩኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ ስልኩን የዘጉብኝ ጊዜ በጣም ነው የከፋኝ። አሁን ግን የለም፣ ወጥቶልኛል።

ከዚህ ጋር ጥምቀት ላይ የተነሳነውን ፎቶ ልኬያለሁ። ከፊት ያለችው አጭሯ ዳሲቱ ናት። ከኋላ ጢም የጀመረው ረጅሙ ቢራ ነው፤ ይሄን ወለደች ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ከእሱ ጋር አልከራከርም። መነጽር ያደረገው ፀሐዩ ነው፤ ፊቱ እንዲያ የጨፈገገው ፎቶውን እርስዎ እንደሚያዩት ስለነገርኩት ፈርቶ ነው። ሸሚዞቹን አልመልሳቸውም። ተመርቄ፣ ሽማግሌ ተልኮብኝ፣ እርስዎ መርቀው ሲድሩኝ ባለቤቶቻቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ሎከሬ ውስጥ ናቸው።

ለእማዬ ሰላም በሉልኝ፤ ኡኡታዋን እልልታ ነው ብዬ በመሳቄ ይቅርታ ጠይቃለች በሉልኝ፣ ገንፎውም በጣም ጣፍጧል። ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ ዶሮዋን ይማሯት። አያና ዘይቱን ጠብታ ጠብታ ብቻ ያድርግ። ወሬውን ላዳረሱት ጎረቤቶቻችንም ሰላም በሉልኝ፤ የዚህን ደብዳቤም ወሬ እንደዚያው ያዳርሱልኝ። ሐጀራና እትዬ ናዕማ አክባሪዎችዎ ናቸው። ዳሲቱ እርስዎን አያቴ ነው የምትለው፤ ለአያቴ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ቢራ የላከው ሰላምታ ብቻ አይደለም። ያለው ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው እክርኑ አጠገብ ይቀርበታል፤ ስለዚህ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ልኩን በክር ወስጃለሁ። አንድ ቋጠሮ ያለው ትከሻው፣ ሁለት ቋጠሮ እጅጌው፣ ሦስት ቋጠሮ ቁመቱ ነው። ክሮቹን በፎቶው ላይ ጠምጥሜያቸዋለሁ። አባባ፣ አምኜሻለሁ፣ ተማሪ ብለው እንዲጽፉልኝ አላስቸግርዎትም። ጋሼ ታደሰ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይምጣ። ባዶ እጁን ከመጣ የአባቴ ቃል ነውና ሻንጣዬን ይዤ እከተለዋለሁ። ሸሚዝ ይዞ ከመጣ ግን መልስዎ ደርሶኛል፤ እሱን አብልቼ እሸኘዋለሁ፣ እኔም ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ለቢራ እጥፋት አይተዉበት፤ እሱ ማደጉን ጨርሷል። እጥፋቱ ገና የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ።

ልጅዎ ናፍቆት ተስፋሚካኤል
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.