አሥረኛዋ ብሎን

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ መራመድ ጀመረች ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም እገባለሁ። አባባን ከቀበርን ዛሬ ሃያ ሦስት ቀናችን። ለምን ቀረህ ብዬ ልወቅስህ አይደለም የምጽፈው። እኔም እስካሁን አላለቀስኩም። ጎረቤቶች "ምን ያለች ደንዳና ናት" ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው።

የምጽፍልህ ስለ አባባ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። የጋራዡ ባለንብረት ግቢውን ልቀቁልኝ ስላለ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከቆመበት መነሳት ነበረበት። አስጎትቶ ማውጣት ይቻል ነበር። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላቃተኝ ሞተሩን መፍታት ጀመርኩ።

የሞተሩን ክዳን የያዙት አሥር ብሎኖች ናቸው። ዘጠኙን ናፍታ አርከፍክፌባቸው ሁለት ቀን ተውኳቸው፣ አናት አናታቸውን በመዶሻ መታ መታ አደረግኋቸው፣ እየተነጫነጩም ቢሆን ወጡ። አሥረኛዋ ያቺው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንተ እጅ ላይ የተሰበረችው ናት። ክዳኑን ሳነሳ ጉማጇ ሁለት ጣት ያህል ብቅ ብላ ቆማለች፤ ዝገት ከብረቱ ጋር አንድ አድርጓታል። በመያዣ ብይዛት ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ የብሎን ዳዶ አጥልቄ በየድኩባት፣ እስክትቀላ አሞቅኳት፣ ሥሯ ላይ ሰም አቀለጥኩ። ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። ስትወጣ ምንም አልተሰማኝም። ጨርቅ ላይ አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።

ሌላኛዋን ግማሽ ያገኘኋት በማግስቱ የአባባን የመሣሪያ ሣጥን ሳጸዳ ነው። ያኔ የጣሏት መስሎኝ ነበር። ለካ ግሪስ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋታል። ስብራቷን ብርሃን ላይ አየሁት። ገሚሱ ነጭ ነው፣ ገሚሱ ጥቁር። ነጩ አንተ ስትፈታት የተሰበረው ነው። ጥቁሩ ግን ቀድሞ የተሰነጠቀው፣ ዘይትና ቆሻሻ ገብቶበት የቆየው ነው። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። አርባ ዓመት መፍቻ የጨበጡት አባባ አንዴ አይተው ያውቁታል።

ወንድምጋሼ፣ የሰነጠቅኋት እኔ ነኝ። ከአንተ አንድ ሳምንት ቀድሜ ነው። ሞተሩ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ አባባ በሌሉበት አጥብቄ ላስደስታቸው ብዬ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ እጄ ላይ ለስለስ አለች። ደነገጥኩ። ቧንቧውን ቦታው መልሼ ዝም አልኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባባ በሠራተኛው ሁሉ ፊት "አንተ እጀ ሰባራ! ከዛሬ ወዲያ መፍቻዬን እንዳትነካ!" ሲሉህ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። መፍቻውን ቀስ ብለህ መሬት ላይ አስቀምጠህ፣ ዘይት የነካውን ልብስህን እንኳ ሳትቀይር ላትመለስ ስትወጣም እዚያው ነበርኩ። መንገድ ለቀቅኩልህ።

በወሩ አባባ ሥራውን ያስተምሩኝ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ "ብሎን እጅሽ ላይ ለስለስ ካለብሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣም" ነው። እሺ አልኳቸው። ቀና ብለው ትንሽ አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ስደውልልህ "ሰምቻለሁ" ብለህ ዘጋህብኝ። አልፈርድብህም። በማግስቱ ነርሷ ትራሳቸውን አስተካክላ ስትወጣ እጄን ያዙና "ለወንድምሽ ነገርሽው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ነገርኩት" አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ አለ። "ምን አለ?"

"ምንም አላለም።"

"እሱ ምን ያድርግ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ስምህን አላነሱም።

እኔ ስለ መታመማቸው የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ስለ ብሎኗ ኖሯል።

ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ጤናና ሰላም ከቤትህ አይጥፋ። ከእኔ የሚደርስህ ክፉ ነገር ይህ የመጨረሻው ይሁን።

ታናሽ እህትህ