ሁለቱ ሦስት ኢንቾች እና የታሰረው መርዳሳ

ለተከበሩ ጓድ አብተው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ናዝሬት፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያለፈው ሳምንት እሑድ በውሃው ምርቃት ላይ የረጠበው ካኪዎ ደርቆ፣ ጉንፋኑም ለቆዎት፣ ወደ አመራርዎ በሙሉ ጉልበት እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በውሃ ምህንድስና ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገልኩና ያስተማርኩ የቀበሌዎ ነዋሪ ነኝ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚገባ ወረቀት ማኅተም እንጂ አንባቢ እንደማያገኝ ከፓምፕ ሠራተኛው ከመርዳሳ ስለተማርኩ ነው።

መርዳሳ በቀበሌው እስር ቤት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ቧንቧው በእንግዶች ፊት የፈነዳው በእሱ አሻጥር ነው ተብሏል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሥራውን ለፓምፕ፣ ለመስመርና ለታንከር ኮሚቴዎች ስላከፋፈሉ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ከቀነ ገደቡ በፊት ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ፓምፑ ደህና ነው፤ ቧንቧው ደህና ነው፤ ታንከሩም ደህና ነው። ውሃ ግን የሚሄደው በመገጣጠሚያ እንጂ በምስክር ወረቀት አይደለም፤ መገጣጠሚያው ደግሞ የማንም ኮሚቴ ሥራ አልነበረም።

2. የፓምፕ ኮሚቴው «ሦስት ኢንች» ብሎ የጻፈው የመውጫውን የውስጥ ስፋት ለክቶ ነው፤ የመስመር ኮሚቴው «ሦስት ኢንች» ያለው የቧንቧውን የውጭ ስፋት ለክቶ ነው። ሁለቱም እውነት ጻፉ፤ አፍ ለአፍ ሲገናኙ ግን አንዱ ከሌላው ስለሚጠብ በአንድ ማያያዣ አይገጥሙም። ኮሚቴዎቹ አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ በሜትር ገመድ የሚያልቅ ነገር ነበር። እርስዎ ግን ሦስቱን በአንድ አዳራሽ የሰበሰቧቸው ለጭብጨባ ብቻ ነው። ክፍተቱም በጎማ ቁራጭና በሽቦ ተጠቀለለ፤ የፈነዳውም እዚያው ላይ ነው፤ ያንን ማን እንዳዘዘ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

3. ሙሉው መስመር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞከር ስለመረቁት አመሰግናለሁ። እኛ መሐንዲሶች አስቀድመን እንሞክራለን፣ ከዚያ እንመርቃለን፤ እርስዎ ሁለቱን በአንድ ቀን በመፈጸም ጊዜ ቆጥበዋል።

4. ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መርዳሳ «አይገጥምም፣ ይፈነዳል» ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፏል። ሁለቱም ደብዳቤዎች «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸዋል፤ ቅጂዎቹን አይቻለሁ። ማንኛውም ሥራ ጉድለቱን የሚነግረው አንድ ምልክት ያስፈልገዋል፤ የዚህ ሥራ ምልክት መርዳሳ ነበር። የግፊት መለኪያው ከልክ ማለፉን ስላሳየ መለኪያውን የሚሰብር ተማሪ ቢያጋጥመኝ፣ ከክፍል አስወጣው ነበር። እርስዎን ከየት እንደማስወጣዎ አላውቅም።

ባለቤቱ ዲንቄ በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። መቼ እንደሚፈታ ስትጠይቅ ዘበኛው «እቴቴ፣ ቧንቧው ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ነው» ብሎ ሳቀባት። ጓድ ሊቀመንበር፣ ቧንቧው ቃሉን ሰጥቷል፤ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ በከፍተኛ ድምፅ። የከሰሰው ግን መርዳሳን አልነበረም። ዛሬውኑ ይፍቱት።

የአመራርዎን ፍሬ በባልዲ ፍለጋ ከሚንከራተቱት አንዱ፣ ለጉንፋንዎ ምሕረትን፣ ለጆሮዎ መከፈትን ዘወትር የምመኝልዎ፣

ኃይለየሱስ መኩሪያ
መሐንዲስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ የሰማሁት ነው። ዛሬ ጠዋት መርዳሳን በሁለት ጠመንጃ አጅበው ፓምፕ ቤት ወሰዱት፤ በአርባ ደቂቃ ማያያዣ ከአሮጌ ብረት ሠርቶ ገጠመው፤ ውሃውም ታንከሩ ድረስ ወጣ። ከዚያ መልሰው አሰሩት። ለቅዳሜው ሁለተኛ ምርቃት የላኩልኝ ጥሪም ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሪባኑን እርስዎ እንደሚቆርጡ ተጽፏል፤ ውሃውን ያመጣው ሰው ከነሰንሰለቱ ይምጣ ወይስ እስር ቤቱ ውስጥ ሆኖ ያጨብጭብ የሚለው ግን አልተጻፈም።