ሲሶን ያላወቁት ሊቃውንት

ለምወድህ ወንድሜ ለአብዱልሰመድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ተጣብቀህ ነው የምትውለው? ሶላትህን በወቅቱ ትሰግዳለህ? ወጥ ቢጤ ሠርተህ ትበላለህ ወይስ በደረቅ ዳቦ ነው የምትኖረው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ማሾው ተወቅቶ ገብቷል። ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ወፉ አላስቀምጥ ብሎናል።

በወረቀት የምጽፍልህ ኢሜል ስለማላውቅ አይደለም። በኢሜል ብልክልህ እንደ ጓደኞችህ ሐሳቤን በየመሃሉ ቆራርጠህ በየቁራጩ ሥር መልስ ትሰካበታለህ ብዬ ነው። ወረቀቱንም ብትቆራርጠው ቢያንስ እኔ አላይም።

ባለፈው ሚያዝያ “አስተማሪ ነሽና ሐሳብሽን ስጪ፣ እኛ የተጠቃሚን ድምፅ እንሰማለን” ብለህ አብረሃቸው ከምትሠራው ከሒሳብ ፕሮግራሙ ሠሪዎች የኢንተርኔት መወያያ መድረክ አስገባኸኝ። ገባሁ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ከጌታቸው ኢንተርኔት ቤት፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ሁሉንም አነበብኩት። ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ማንም ኮዱን ከፍቶ የሚያስተካክለው የሒሳብ ፕሮግራም ስትለኝ ትልቅ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ዶክተርና ፕሮፌሰር ወራት ሙሉ የሚናከሰው፣ ተማሪ አንድን ለሦስት ሲያካፍል ማሽኑ ክፍልፋዩን እንዳለ ያሳየው ወይስ በነጥብ ይዘርዝርለት በሚል ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንዱ ስለ ንድፉ ውበት እንደ ሙሽራ እናት ሲያወራ ውሎ፣ ማንም ሳያደንቅለት ሲቀር አኮረፈ። ሌላው “ካልተስማማችሁ ፕሮግራሙን ገልብጬ የራሴን እጀምራለሁ” አለ፤ የኛ ሰፈር ልጆች ሲሸነፉ ኳሳቸውን ይዘው ይሄዱ የለ? ሦስተኛው የጨዋነት ደንብ ይውጣልን ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ በጨዋነቱ ደንብ ላይ ተሰዳደቡ። እነዚህን ነው እንግዲህ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ “የልጄ ባልደረቦች” እያለች የምትኮራባቸው።

እኔም የበኩሌን ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ማሽኑ ያሳያቸውን ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት ሦስት ወስደው ሦስት ጊዜ ቢደምሩት አንድ አልሞላ አላቸው። አንዷ ተነሥታ “ቲቸር፣ የጎደለውን ማን ወሰደው?” ብላ ጠየቀችኝ። እኛ አገር አንድ ሦስተኛ የራሱ ስም እንዳለው፣ ሲሶ እንደሚባል፣ አራሽና ባለመሬት አውድማ ላይ የሚካፈሉበት ስለሆነ ቢጎድል ሰው እንደሚጣላበት አስረዳሁ። ስለዚህ ክፍልፋዩን እንዳለ ተዉልን አልኩ። ቃሏንም በእንግሊዝኛ ፊደል “ሲሶ” ብዬ ጻፍኳት።

ያቺ ቃል ሆነች ጥፋቴ። ለካ በኢንጂነሮች ዘንድ አንድ ግቤትና አንድ ውጤት ያለው የቁጥጥር ሥርዓት በምሕጻር እንዲሁ “ሲሶ” ተብሎ ይጠራል። አውድማውን ከቁም ነገር የቆጠረው፣ ተማሪዋን ያያት ማንም የለም። ሊቃውንቱ ሁሉ ቃሏን ብቻ አንስተው፣ ሲሶ ከፕሮግራሙ እምብርት ይግባ፣ አይ ለብቻው ይዘጋጅ እያሉ ለሁለት ተከፍለው ሳምንታት ተከራከሩ። “ኧረ የቋንቋዬ ቃል ነው፣ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው” ብዬ ብጽፍ፣ የቋንቋ ጥያቄ ካለሽ ሌላ ርዕስ ክፈቺ ተባልኩ።

ከዚያ ስምህን አየሁ። ወንድሜ መጣልኝ ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። ለብቻው ይዘጋጅ ካለው ሰውዬ ሥር የጻፍከው የመደመር ምልክትና የአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እስማማለሁ ማለትህ ነው። ዕድሜዬን መደመር ሳስተምር ኖሬ መደመር እንዲህ ሲያንስ አላየሁም።

አብዱ፣ ሲሶን አታውቀውም? አባባ እኮ የሰው መሬት በሲሶ እያረሰ ነው ያሳደገን። እነሱ ባያውቁ አይገርመኝም፤ ሳያውቁ እንደዚያ መንጠባረራቸውን ንቄ ትቼዋለሁ። አንተ ግን እያወቅህ ነው። ሰዎቹ ፊት የአራሽ ልጅ ላለመምሰል እህትህን እንደማታውቃት ሆንክ። ለዚህ የምሰጠው ሌላ ስም የለኝም፤ ንቄሃለሁ። ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ መሆኑንም እወቀው።

ለተማሪዎቼ ጠመኔና ሰሌዳ አለኝ፤ መድረካችሁንም ትቼላችኋለሁ። የቸገረኝ አባባ ነው። ሲሶ እናንተ ጋ ደርሶ እንዳከራከረ ስነግረው ሳቀ፣ ደስም አለው። “ታዲያ አብዱ አስረዳቸው?” አለኝ። ያቺን የመደመር ምልክት እንዴት አድርጌ ልተርጉምለት? “ገና ተራው አልደረሰም” አልኩት። እሱም፣ ብዙ አዋቂ ባለበት ተራ መጠበቅ ጨዋነት ነው፣ ደግ አደረገ ብሎ አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ከጁምዓ በተመለሰ ቁጥር “ተራው ደረሰ ወይ?” ይለኛል።

እኔ ሁለተኛ አልዋሽለትም። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ሳምንት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውልለት። ነግሬያቸዋለሁ ማለት ከቻልክ እሰየው፤ ካልቻልክ አፍሬ ነው በለው። ስልኩን ሰጥቼው ከቤት እወጣለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ በርበሬው በሰው እጅ ይመጣልሃል ብላለች። እህታችን ሙሀባ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ በሰላም ተነሥታለች፤ ማጀቴ ከተማ ሆና ሰላም ትልሃለች። አክስታችን ዓይሻ መቼ ነው የምታገባው ትልሃለች። አባባ ደግሞ ይህን መጨረሻውን ስጽፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለአንተ የምጽፍ መሆኔን ብቻ አውቆ፣ “ተራው ሲደርስ አይቸኩል፤ ከአውድማው ጀምሮ ቀስ ብሎ ያስረዳቸው፣ ፈረንጅ ቶሎ አይገባውም በይልኝ” ብሎሃል።

እህትህ ሩዋይዳ ሐሚድ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.